ከአገር ውጭ በግዳጅ ላይ ያለ መኮንን ቀኑ በምን ያልፋል? ከአብዬ የተመለሳችሁ ብትነግሩኝ

የመቶ መሪው

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። የመቶ አለቃ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ውጭ ለሰላም ማስከበር ግዳጅ ታጭቼ በቅድመ ስምሪት ሥልጠና ላይ እገኛለሁ። ስለ ኃይል አጠቃቀም ደንቡና ስለ ሲቪሎች ጥበቃ በሚገባ እየተማርን ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ መኮንን ጠዋት ከአልጋው ከሚነሣበት ጀምሮ ማታ እስኪተኛ ድረስ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ቀደም ብለው የዘመቱትን ስጠይቅ ወይ «ሙቀቱን ብቻ ቻለው» ይሉኛል፣ ወይ ወሬው ወደ ዶላሩ ይዞራል። ሠርታችሁ ያያችሁትን ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ዋልካ

ወንድሜ የመቶ አለቃ፣ እኔ አሁን በጡረታ ላይ ነኝ። አብዬ፣ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት የድንበር ምድር፣ ሁለት ጊዜ ዘምቻለሁ፤ በመጀመሪያው ዙር የሻምበል አዛዥ፣ በሁለተኛው የሻለቃ ጦሩ የዘመቻ መኮንን ሆኜ። ስለዚህ የምነግርህ የአብዬን ነው፤ አንተ የምትመደብበት ቦታ ዝርዝር ግን ሊለያይ ይችላል።

መነሻውን በአጭሩ ላስታውስህ። ግንቦት 13 ቀን 2003 ዓ.ም. የሱዳን ጦር የአብዬን ከተማ ሲይዝ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ወደ ደቡብ፣ ወደ አጎክ ሸሸ። ሰኔ 13 ቀን የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳኑ ኤስ.ፒ.ኤል.ኤም. አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ፈረሙ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1990 የአብዬን ጊዜያዊ የጸጥታ ኃይል አቋቋመ። የተፈቀደው 4,200 ወታደር ሲሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም የተውጣጣው ከእኛ ሠራዊት ነበር። ልብ በል፤ ጊዜው ሰኔ ነው። የገባነው በክረምት አፍ ላይ ነው።

የመኮንኑ ቀን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከመሬቱ። የአብዬ አፈር የእኛ ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባው፣ በክረምት ደግሞ እንደ ሊጥ የሚይዘው ያ ጥቁር አፈር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ፤ ሻይ ከመጠጣቴ በፊት ከካምፑ በር ወጥቼ ሃምሳ እርምጃ ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ጫማዬ ከቁርጭምጭሚት በላይ ከገባ መኪና አይወጣም። ይህን የትኛውም መመሪያ ላይ አታገኘውም፤ እኔም የተማርኩት ተቀጥቼ ነው። በመጀመሪያው ክረምት ሌሊት የዘነበውን ዝናብ ንቄ አንድ የቅኝት ቡድን በኦራል የጭነት መኪና አስወጣሁ። ከካምፑ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ እስከ አክሰሉ ሰመጠ። እሱን እንዲጎትት የላክሁት ሁለተኛው ኦራል ከመጀመሪያው ሁለት መቶ ሜትር ሳይደርስ ተቀበረ። ልጆቹ ሁለት ሌሊት እዚያው አደሩ፤ በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጥታ፣ ቅርንጫፍ ቆርጠው ከጎማው ሥር እየነሰነሱ ተመለሱ። አንድም ጥይት አልተተኮሰም፤ እኔ ግን በሁለት ዙር ግዳጄ እንደዚያ የፈራሁበት ሌሊት የለም። ውሃቸው አልቆ ነበር።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከየጣቢያው የሬዲዮ ፍተሻ ይደረጋል፤ 2 ሰዓት ላይ የጠዋት ገለጻ ነው። መንገድ ከፈቀደ ቅኝቱ ይወጣል። ቅኝት ሲባል ጠመንጃ ደግኖ መዞር አይምሰልህ፤ አብዛኛው ሥራ መቁጠርና መጠየቅ ነው። ስንት መንጋ ከብት ወደየት አቅጣጫ ሄደ? ከመንጋው ጋር ያሉት ሰዎች መሣሪያ ይዘዋል ወይ? ባለፈው ሳምንት ውሃ የነበረው ጉድጓድ ዛሬስ አለው ወይ? የምሴሪያ ከብት አርቢዎች ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ ከሰሜን እየወረዱ ዲንካዎቹ ኪር ወደሚሉት ወንዝ ይመጣሉ፤ ክረምቱ ሳይገባ ይመለሳሉ። መንገዱ ደግሞ በአብዬ ነዋሪዎቹ፣ በንጎክ ዲንካዎቹ፣ መንደር ውስጥ የሚያልፍ ነው። ስለዚህ ክረምት ለመኪና ይከፋል፤ በጋ ለእንቅልፍ ይከፋል።

ከሰዓት በኋላው የወረቀት ነው። በየዕለቱ «ሲትሬፕ» የሚባል የሁኔታ ዘገባ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከመምሸቱ በፊት መላክ አለበት። እንግሊዝኛው እንደሚያስጨንቅህ አውቃለሁ፤ እኔን ግን ያስቸገረኝ አማርኛዬ ነው። አንድ ቀን አንድ የአሥር አለቃ ከቅኝት ተመልሶ «የታጠቁ ሰዎች ከሰሜን ገብተዋል ተብሏል» ብሎ ነገረኝ። ልጽፈው ብዕር ካነሣሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝና መጠየቅ ጀመርኩ። ማን አለ? አስተርጓሚው። እሱስ ከማን ሰማ? ከሻይ ሻጯ። እሷ በዓይኗ አይታለች? አላየችም፣ ወንድሟ ነግሯት ነው። ወንድሟ መቼ አየ? ከትናንት በስቲያ። ምን አየ? ስድስት እረኞች፣ ከእነሱም ሁለቱ ክላሽ የያዙ። በእርግጥ ሁለት ክላሽም ቢሆን በአብዬ ክልክል ነው፣ መዘገብም አለበት፤ ነገር ግን «ስድስት እረኞች፣ ሁለት ክላሽ፣ ከሁለት ቀን በፊት፣ በአንድ ሰው ምስክርነት» እና «የታጠቁ ሰዎች ገብተዋል» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ብልከው ኖሮ በማግስቱ ብረት ለበስ ይንቀሳቀስ ነበር። «ተብሏል» የምትለው ቃላችን ጨዋ ናት፤ ተናጋሪውን ሸፍና ታልፋለች። አንተ ግን ወታደሮችህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ «አየሁ»፣ «ሰማሁ»፣ «ገመትኩ» እያሉ ለይተው እንዲናገሩ አሠልጥናቸው።

ማታ ከእራት በኋላ የነገውን ትእዛዝ ማዘጋጀት፣ ጥበቃውን መዞር፣ የወባ ኪኒን መዋጡን ማረጋገጥ ነው። ኪኒኑ የሚታደለው በወረፋ ነው፤ አንዳንዱ ምላሱ ሥር ደብቆ የሚተፋው አይጠፋም፤ ስለዚህ ቆመህ ታያለህ።

ከሴክተር ተመላሽ

ሻለቃ ዋልካ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ከወታደራዊ ታዛቢዎች ጋር በአገናኝ መኮንንነት ሠርቻለሁና አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ሰዓት።

ታዛቢዎቹ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ፣ መሣሪያ የማይዙ መኮንኖች ናቸው፤ ያለ እኛ አጃቢ አይንቀሳቀሱም ነበር። አንድ ጊዜ በማግስቱ በ12 ሰዓት ቅኝት እንደሚወጣ ከአንድ ታዛቢ ጋር በቃል ተስማማን። የእኛ ሃምሳ አለቃ ጎሕ ሳይቀድ ወታደሮቹን ቀስቅሶ፣ ውሃ ጭኖ፣ መኪና አሙቆ ልክ በ12 ሰዓት በር ላይ ተሰለፈ። ታዛቢው የለም። 1 ሰዓት ሆነ፣ 2 ሰዓት ሆነ። ሃምሳ አለቃው «ፈረንጅ ሰዓት ያከብራል ሲሉ ሰምቼ ነበር» እያለ ያጉተመትማል። ሰውየው ታጥቦና ተላጭቶ የመጣው በቀትር፣ በእኛ 6 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እሱም በበኩሉ ወታደሮቹ በላብ ተዘፍቀውና ተኮሳትረው ሲያገኛቸው ግራ ገባው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ በእኛ ክፍል ሰዓት የሚነገረው በአራት አኃዝ ብቻ ሆነ፤ «ዜሮ ስድስት ዜሮ ዜሮ» ካልተባለ ትእዛዝ ተሰጠ አይባልም። ወታደሩ እርስ በርሱ ሲያወራ በአገሩ ሰዓት ነው፤ እሱን አትንካበት።

ባለ ስንቅ

የዘመቻ መኮንኖች ሁልጊዜ ቅኝትን ያስቀድማሉ፤ ያለ እኛ ግን ከበር አይወጡም። የሎጂስቲክስ መኮንን ነበርኩ።

የመቶ አለቃ፣ ሁለት ነገር እወቅ። አንደኛው የመሣሪያ ፍተሻው ነው። ሠራዊቱ ከአገር ይዞት የሚሄደው መኪናም ሆነ ጀነሬተር በስምምነት ሰነድ ላይ ተመዝግቧል፤ ተመድ በየሦስት ወሩ መርማሪ ልኮ እያንዳንዱን ያስቆጥራል፣ ያስነሣል፣ ያያል። መሥራት ያቆመ ተሽከርካሪ ከበዛ ለመንግሥት የሚከፈለው ኪራይ ይቀነሳል። ስለዚህ አንድ የተሰበረ ፓምፕ ለአንተ የሜካኒክ ጉዳይ ቢመስልህም ለአገር ሒሳብ ነው። መርማሪው በሚመጣበት ሳምንት የጥገና ክፍሉ አይተኛም።

ሁለተኛው ምግብ ነው፤ ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ተመድ የሚያቀርበው ሬሽን በቂ ነው፤ ዶሮው፣ ሥጋው፣ ሩዙ፣ ቆርቆሮው ሁሉ አለ። ነገር ግን የሚታዘዘው ከሳምንታት በፊት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ስሞላ የዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ አላሰብኩም ነበር። ጾሙ ገባ፣ ኮንቴይነሩ የቀዘቀዘ ዶሮ ሞልቶ መጣ፤ ከሻምበሉ ግማሽ የሚበልጠው ጾመኛ ነው። ከአገር ያመጣነው ሽሮ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ያን ጊዜ የሙስሊም ልጆቻችን ዶሮውን እየበሉ ምስራቸውን ለጾመኞቹ ለቀቁ፤ በረመዳን ደግሞ ጾመኛ የነበሩት ክርስቲያኖች በማፍጠሪያ ሰዓት ጥበቃውን ይሸፍኑላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በቢሮዬ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሦስት የቀን መቁጠሪያ ነው፤ የፈረንጁ፣ የእኛው እና የሒጅራው። የሬሽን ትእዛዝ ያለ ሦስቱ አይሞላም።

ታዛቢ ነኝ

ሲቪል ነኝ፤ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ዶላሩን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ሰው እንደሚለው መኮንን ለሰላም ማስከበር የሚሮጠው ለገንዘቡ አይደለምን?

ባለ ስንቅ

ጥያቄው የሚገባ ነው፤ እኔም አልሸሸውም። ተመድ ለእያንዳንዱ ወታደር በወር የሚከፍለው ተመን አለ፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ 1,428 ዶላር ነበር። ይህ የሚከፈለው ለመንግሥት እንጂ ለወታደሩ አይደለም፤ መንግሥት ለአባሉ የሚሰጠውን በራሱ ይወስናል። ተመድ በቀጥታ በእጅ የሚሰጠው የኪስ አበል በቀን 1.28 ዶላር ነው፤ የእረፍት ቀናት አበል ለብቻው አለ። በዋናው መምሪያ በግል የተመደቡት የስታፍ መኮንኖችና ታዛቢዎች ግን የተልዕኮ መኖሪያ አበል በቀጥታ ያገኛሉ፤ ቤታቸውንና ምግባቸውን የሚችሉት ከዚያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሻምበሎች በአንድ ጠረጴዛ ሻይ እየጠጡ የአንዱ ገቢ ከሌላው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ደግሞ ትንሹን የሚያገኘው ነው። ይህ ያስከፋል፤ እኔንም አስከፍቶኛል። ከአገር ደመወዝ ጋር ሲተያይ ግን ቤት የሠራበት፣ ወንድሙን ያስተማረበት ብዙ ነው፤ ይህንንም መካድ ውሸት ይሆናል።

የወታደር ሚስት

እኔ መኮንን አይደለሁም፤ ባለቤቴ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከገቡት አንዱ ነበር። ሁላችሁም ስለ ቀኑ ጻፋችሁ፤ ቤት ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ቀንስ?

ሐምሌ 26 ቀን 2003 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች ማቦክ በሚባል ቦታ ፈንጂ ላይ ወጥተው ሞቱ። እኔ የሰማሁት ከዜና ነው፤ ቁጥር እንጂ ስም አልተነገረም። ስልኩን ብደውል አይሠራም። ሊያውቁ ይችላሉ ወደተባልኩበት ቢሮ ሄድኩ፤ ዘበኛው «ቢኖር ይነግሩሻል» አለኝ። ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳትም። በሦስተኛው ቀን ማታ ደወለ፤ «ደህና ነኝ፣ ኔትወርክ አልነበረም» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ማልቀስ ሲገባኝ ተሳደብኩ።

የመቶ አለቃ፣ ሚስት ወይም እናት ካለህ ሳትሄድ በፊት ቁጭ ብለህ አስረዳቸው። «በክረምት ሁለት ሳምንት ዝም ልል እችላለሁ፤ ይህ ማለት ዝናብ ነው እንጂ ሞት አይደለም» በላቸው። ባለቤቴ ያን ያህል ብቻ ነግሮኝ ቢሄድ ኖሮ ያን ሦስት ቀን በሌላ መንገድ እጠብቀው ነበር። እናንተ ወታደሮች እኛን ላለማስጨነቅ ዝም ትላላችሁ፤ ዝምታው ነው የሚያስጨንቀን።

ዋልካ

እህቴ፣ ስለ ማቦክ ስላነሣሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለመቶ አለቃውም ስለሚጠቅመው ነው። ከአራቱ ሦስቱ የሞቱት ወዲያው አልነበረም፤ ሄሊኮፕተር ለመነሣት የበረራ ፈቃድ ዘግይቶበት እየተጠበቀ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ቅኝት ከማስወጣቴ በፊት የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ጠላት አለ ወይ» አልነበረም፤ «ሰው ቢቆስል በምን፣ በየት በኩል፣ በማን ፈቃድ ይነሣል» የሚለው ነበር። መልስ ከሌለው ቅኝቱን አሳጥራለሁ፣ ወይም አስቀራለሁ። በዚህ ምክንያት ከአንዳንድ አለቆች ጋር ተጋጭቻለሁ። «ፈሪ» መባል ይቻላል፤ ይታለፋል።

ከሴክተር ተመላሽ

ስለ ሰዓት ስቀልድ ይህን ትቼው ነበር፤ አሁን ግን ልጻፈው። ሚያዝያ 26 ቀን 2005 ዓ.ም. የንጎክ ዲንካዎቹ ከፍተኛ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በእኛ ኃይል ታጅበው ከሰሜን ሲመለሱ መንገድ ላይ በታጠቁ ሰዎች ተከበቡ። እሳቸውና አንድ ኢትዮጵያዊ ሰላም አስከባሪ ተገደሉ። ዕለቱ ቀዳም ሥዑር ነበር።

እኔ በሌላ ካምፕ ሬዲዮ ላይ ተረኛ መኮንን ነበርኩ። ልጆቹ በሬሽን ዱቄት ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ከገበያ የተገዙ ሁለት ፍየሎች አሥረው ሌሊቱን ይጠብቃሉ፤ ከመካከላቸው አንድ ዲያቆን የነበረ ወታደር ስላለ ማኅሌቱን እሱ ሊያደርስ ነው። ወሬው በሬዲዮ ሲመጣ ፍየሎቹ ገና ታሥረው ነበር። የመጀመሪያው ሥራዬ ለአዛዡ መንገር፣ ሁለተኛው ጥበቃውን እጥፍ ማድረግ ሆነ፤ ሦስተኛው ግን በየትኛውም ሥልጠና አልነበረም፦ ፋሲካው ይከበር ወይስ አይከበር? አዛዡ ጥቂት ዝም ብሎ «ጸሎቱ ይደረግ፤ ከበሮው ይቅር» አለ። ዲያቆኑ በለሆሳስ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲል ከፊሉ መሣሪያ እንደያዘ ምሽጉ ውስጥ ሆኖ መለሰ። ፍየሎቹ የታረዱት ማክሰኞ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አንድ የንጎክ መንደር ሄደን የሐዘን ቃል ለማድረስ ታዘዝን። ይቆጡናል፣ ምናልባትም ይወግሩናል ብለን ነበር፤ «አለቃችንን ያልጠበቃችሁ» ቢሉን መልስ አልነበረንም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው በአስተርጓሚ የጠየቁን የሞተብንን ወታደር ስም ነበር። ነገርናቸው። ከራሳቸው ሰው ስም ጋር አብረው ጠሩት።

አሚየት

እኔ ከሁላችሁም በኋላ የገባሁ ነኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአሚየት የጋራ ገበያ ከተከፈተ ወዲህ። ለመቶ አለቃው ጥሩውም ይነገረው። የምሴሪያ ነጋዴ ከሰሜን ስኳርና ጨርቅ ይዞ ይወርዳል፣ ዲንካው ከደቡብ ይወጣል፤ በዚያ መካከል የእኛ ሥራ መቆም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የማስታርቀው የከብት ስርቆትና የተቃጠለ ዳስ ነው። የሰላም ኮሚቴው ዛፍ ሥር ሲቀመጥ የመጀመሪያው ሰዓት በሰላምታና በሻይ ያልፋል፤ ከሌላ አገር የመጣ መኮንን በዚህ ይቁነጠነጣል፤ የእኛ ሰው ግን አያት ቤት የሄደ ያህል ይመቸዋል። አንድ ጊዜ ለተገደለ ሰው የደም ካሣ በከብት ሲቆጠር የእኛ ሻምበል፣ የአርሲ ልጅ ነው፣ «ይህማ ጉማ ነው» ብሎ ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ መናገር እንዳለበት፣ ማንስ መካስ እንዳለበት ሳይነገረው ገባው። ካሣውን ግን እኛ አልወሰንንም። ከብቶቹ እስኪቆጠሩ ድረስ በሁለቱ ወገን መካከል ቆመን ነበር፤ አራት ሰዓት ያህል፣ በፀሐይ።

የመቶ መሪው

ሁላችሁንም እጅ ነሥቻለሁ። ሻለቃ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሻንጣዬ ላይ ከመመሪያው ዝርዝር ውጭ ምን ልጨምር?

ዋልካ

ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ ጫማ፣ ከእግርህ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ፤ በወፍራም ካልሲ ነው የሚደረገው። ውሃ የማያስገባ ላስቲክ፣ ለማስታወሻ ደብተርህ። ሁለት የእጅ ባትሪ። በርበሬውን ከምታስበው እጥፍ አድርገው፤ ግማሹን በመጀመሪያው ወር ጎረቤት ካምፕ ያሉት ልጆች ይጨርሱብሃል። ለእናትህ ደግሞ ስለ ዝናቡ ንገራት።